ዛፉን አስቀድሞ መምረጥ፦ በማና ፑልስ በእግር እየተጓዙ ዝሆንን ከታላላቅ ዛፎች ጋር ፎቶ ማንሳት

በእግር ጉዞ ላይ ዝሆንን እየተከተለ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ማታ ካርዱን ሲከፍት የሚያገኘው ዳሌና ጅራት ነው። የሚራመድን ዝሆን ቀድሞ ፊቱ ለመድረስ መቻኮል ያስፈልጋል፤ ጫካ ውስጥ መቻኮል ደግሞ ድምፅ ያሰማል፣ ዝሆኑንም ያስቆጣል። ስለዚህ እዚህ የምናሳየው አካሄድ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ዛፉ ይመረጣል፣ ቀጥሎ የብርሃኑ አቅጣጫ፣ ከዚያ መቀመጫው። ዝሆኑ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ይህ በሁሉም ቦታ አይሠራም። ለምሳሌ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባለው በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆኑ ረጅም ሣርና ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ስለሚውል፣ በእግር የሄደ ሰው ዝሆኑን ከማየቱ በፊት አጠገቡ ሊደርስ ይችላል። በሰሜን ዚምባብዌ፣ በዛምቤዚ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ ያለው የማና ፑልስ ብሔራዊ ፓርክ ግን ሌላ ነው። ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ስፍራ፣ በወንዙ ዳር ባለው ደለላማ ሜዳ ላይ ግዙፍ ዛፎች ተራርቀው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ዓይን ከመቶ ሜትር በላይ ያያል። ለፎቶም ለደኅንነትም የሚጠቅመው ይኸው ግልጽነት ነው።

ዛፉን ማወቅ

ፎቶው ላይ የሚታየው ዋናው ዛፍ አና ዛፍ ይባላል። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች መካከል ገበሬ ሳይቆርጠው የሚተወው፣ በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚሉት ግራር ነው። ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። የእኛ ገበሬ ሥሩ የሚዘራው በዝናብ ወቅት ጥላው ሰብሉን ስለማይከለክለው ነው። ማና ፑልስ ላይ ደግሞ ይኸው ጠባይ የዝሆኑን የቀን ውሎ ይወስናል። ሣሩ ሲያልቅና ከወንዙ ራቅ ያለው፣ ሞፓኔ የሚባል ዛፍ የበዛበት ደን ሲራቆት፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረውና የተጠቀለለ ብርቱካንማ ፍሬውን የሚያራግፈው አና ዛፍ ነው። ዝሆን ለዚያ ፍሬ ሲል ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ይውላል።

ስለዚህ የሚሄዱበት ወቅት ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይሁን። ነሐሴና መስከረም ላይ ሙቀቱ ይቻላል፤ ጥቅምት ላይ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፣ ዝሆኑ ግን በብዛት ወንዙ ዳር ነው። ኅዳር ውስጥ ዝናቡ ከጀመረ መንጋው ወደ ውስጥ ይበተናል፣ መንገዱም ጭቃ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአና ዛፎቹ ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ሁሉ አንድ ከፍታ ላይ የተቆረጡ ይመስላሉ። የቆረጣቸው ዝሆኑ ራሱ ነው፤ ኩምቢው የሚደርስበትን ሁሉ በልቶ ጨርሶታል። ከዚያ መስመር በታች ያለው ባዶ ቦታ የፎቶዎ መድረክ ነው። አንዳንድ ወንድ ዝሆኖች በሁለት የኋላ እግራቸው ቆመው ወደ ላይ የሚንጠራሩትም ከዚያ መስመር በላይ የቀረውን ለመድረስ ነው። በዚህ ሥራው ቦስዌል የሚባለው ወንድ ዝሆን በዓለም ታውቋል፤ ግን እሱን ብቻ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ቀኑን በመንከራተት ይጨርሰዋል።

በሜዳው ላይ ሌሎችም አሉ፦ ቋሊማ የመሰለ ከባድ ፍሬ የሚያንጠለጥለው ኪጄሊያ፣ ሮቃ፣ ሾላ፣ ጥላው ጥቁር የሆነው የናታል ማሆጋኒ። ማሆጋኒው ሥር ዝሆን በቀትር ቆሞ ያንቀላፋል፤ ለዓይን ያምራል፣ ለካሜራ ግን ጨለማ ውስጥ የቆመ ጨለማ ነው። ጊዜዎን ለአና ዛፉ ይስጡ።

ከመነሳትዎ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ሐራሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል፤ ከዚያ ፓርኩ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ይደረሳል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ የወባ መከላከያ መድኃኒትም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መጀመር አለበት። ሰዓቱን አይርሱ፦ ዚምባብዌ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ አስጎብኚው «አምስት ተኩል ላይ እንነሳለን» ሲል ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ንጋት 11፡30 ማለቱ ነው።

ማና ፑልስ ያለ አስጎብኚ በእግር መሄድን በመፍቀድ ይታወቃል። እኛ ግን አንመክርም። የዚምባብዌ ባለሙያ አስጎብኚ ፈቃድ የዓመታት ልምምድና የተኩስ ብቃትን ጨምሮ ከባድ ፈተና ያለበት ነው፤ የሚከፍሉትም ጠመንጃ ለያዘ ሰው ብቻ ሳይሆን ንፋሱንና ዝሆኑን ለሚያነብ ሰው ነው። ዓይንዎ በካሜራው ቀዳዳ ውስጥ ሳለ ከጎን የሚመጣውን ጎሽ የሚያይልዎ ሌላ ሰው የለም። ሲያስይዙ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ አንድ ቦታ ሁለት ሰዓት ለመቀመጥ ፈቃደኛ ነው? ብዙ ቡድን መራመድ ይፈልጋል። ከሌሎች ጋር ተደባልቀው ከሄዱ ይህ መመሪያ ግማሹ አይሠራልዎትም።

ልብስ ካኪ ወይም ቡናማ ይሁን። ነጭ ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁርና ሰማያዊ የቆላ ዝንብን ይስባል። ትኩስ ፍራፍሬ፣ በተለይ ብርቱካን፣ ወደ ፓርኩ ማስገባት ክልክል ነው፤ ዝሆኖቹ ሽታውን ተከትለው ድንኳንና መኪና ስለሚሰብሩ ነው። ድሮንም ያለ ልዩ ፈቃድ አይታሰብም።

የሌንስ ስሌት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የዱር እንስሳ» ሲባል ትዝ የሚለው 400 ወይም 600 ሚ.ሜ. ሌንስ ነው። ለዚህ ሥራ ግን የሚያስፈልገው 70–200 ሚ.ሜ. ነው፤ የብርሃን ቀዳዳው (አፐርቸሩ) ሰፋ ያለው ኤፍ 2.8 ከሆነ ንጋት ላይ ይጠቅማል፣ ጠበብ ያለው ኤፍ 4 ከሆነ ይቀልልዎታል፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚ.ሜ. በሆነ) የሚይዙት ከፍታ በሜትር እንዲህ ይሰላል፦ ካሜራው ቆሞ ሲያዝ 36፣ አግድም ሲያዝ 24፣ በርቀቱ (በሜትር) ተባዝቶ ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ይካፈላል። 50 ሜትር ላይ ሆነው 400 ሚ.ሜ. አግድም ቢይዙ 24 × 50 ÷ 400 = 3 ሜትር። ትከሻው ከ3 ሜትር የሚያልፍ ወንድ ዝሆን ራሱ እንኳ አይገባም፤ ዛፉ ደግሞ ጨርሶ የለም። በዚያው ርቀት 70 ሚ.ሜ. አቁመው ቢይዙ 36 × 50 ÷ 70 ወደ 26 ሜትር ይሆናል። አና ዛፍ እስከ 30 ሜትር ስለሚያድግ አብዛኛው ዛፍ ከነአናቱ ይገባል፤ ዝሆኑም የፍሬሙን ከፍታ አንድ ስምንተኛ ያህል ይይዛል። የዛፉን ግዝፈት የሚናገረው ይህ ንጽጽር ነው። ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ካለዎት ሚሊ ሜትሩን ለ1.5 ያካፍሉ፤ 70 የነበረው 47 ይሆናል፣ ስለዚህ 24–105 ወይም 18–135 ይዘው ይሂዱ።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሞላት ባዶው መሬት ግሎ ከላዩ ያለው አየር መርገብገብ ይጀምራል፤ በረጅም ሌንስ ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ያኔ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል። ይህ የፎከስ ችግር ስላልሆነ የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም። መፍትሔው በመሃል ያለውን አየር መቀነስ፣ ማለትም አጭር ሌንስ ከቅርብ ርቀት ነው።

ትራይፖድ ይተዉት፤ መነሳት ሲኖርብዎ ያደናቅፋል። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ካርድ፣ የአየር መንፊያ ጎማ፣ 2 ሊትር ውሃ ይበቃል። አቧራው እንደ ዱቄት ስለሆነ ሜዳ ላይ ሌንስ አይቀይሩ፤ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ነጠብጣብ ሰማይ ባለበት ፎቶ ሁሉ ይታያል። የማንጠልጠያው ብረት እንዳይንቃጨል በፕላስተር ይጠቅልሉት። የካሜራውን ድምፅ፣ የፎከስ መብራትና ፍላሽ ከሰፈር ሳይወጡ ያጥፉ።

ዛፍ መምረጥ

በመጀመሪያው ማለዳ ፎቶ አያንሱ ማለት ይከብዳል፤ ግን ያን ማለዳ ለመቃኘት ቢያውሉት በቀሩት ቀናት ይከፍልዎታል። ከአስጎብኚዎ ጋር የሚፈልጉት ይህን ነው።

ከዛፉ ሥር ትኩስ ፍሬ ወድቆ፣ ዙሪያውን ፋንድያ ይኑር። ፋንድያው ውስጡ እርጥብ ከሆነ ዝሆኑ ዛሬ አልፏል፤ ደርቆ ከተበታተነ ያ ዛፍ ተበልቶ አልቋል። ዛፉ ከሞፓኔው ደን ወደ ወንዙ በሚወርድ የዝሆን መንገድ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ መንጋው ለመጠጣት ሲወርድና ሲመለስ ያልፍበታል።

ቀጥሎ በግንዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ትልቅ ዝሆን ከኩምቢ እስከ ጅራት 6 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በሁለት ግንዶች መካከል ቢያንስ 10 ሜትር ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከዚያ ካነሰ ዝሆኑ ከየአቅጣጫው በግንድ ይቆራረጣል፤ ከግንዱ ጋር የተደረበ ግራጫ አካል ደግሞ በፎቶ ላይ ግንድና ዝሆን አይለይም።

ይህን ሁሉ ቆመው ሳይሆን ፎቶውን በሚያነሱበት ከፍታ፣ ተንበርክከው ይመልከቱ። ከጉልበት ከፍታ ሲታይ የዝሆኑ ጀርባ ከበስተኋላ ካለው መስመር በላይ ይወጣል፣ ዛፉም ይረዝማል። በቅጠሉ መካከል የሚያበሩ ነጭ የሰማይ ቀዳዳዎችንም ያኔ ያዩአቸዋል፤ የዝሆኑ ራስ የሚሆንበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ካለ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ይዙሩ።

አቅጣጫው ቀላል ነው። ወንዙ በሰሜን በኩል ነው፣ ከማዶ የዛምቢያ ገደል ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ወደ ሰሜን ከተቀመጡ ጠዋትም ማታም የጎን ብርሃንና ያንን ሰማያዊ መደብ ያገኛሉ፤ ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው። ወደ ምሥራቅ ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ ማታ ከተቀመጡ ብርሃኑ ከዝሆኑ ጀርባ ይመጣል፤ በእግሩ የሚያስነሳው አቧራ ይበራል፣ በቅርንጫፎቹ መካከልም የብርሃን ዘንግ ይወርዳል። ይህ ይበልጥ ያምራል፣ ይበልጥም ይበላሻል።

መቅረብና መቀመጥ

ንፋሱን አስጎብኚው ከረጢት ውስጥ በያዘው አመድ ይፈትሻል፤ ጨርቁን ሲመታው አመዱ የሚሄድበትን ያያል። ዝሆን ዓይኑ ደካማ ነው፣ ሽታው ግን ወደር የለውም፤ ንፋሱ ከእርስዎ ወደ እሱ ከነፈሰ ነገሩ አብቅቷል። ጠዋት ሙቀቱ ሲጨምር ንፋሱ ስለሚዞር ፍተሻው አንዴ ተደርጎ የሚተው አይደለም።

በነጠላ ሰልፍ፣ ሳያወሩ፣ ደረቅ ቅጠል ሳይረግጡ ይሂዱ። ወንዝ ዳር ጉማሬ ከግጦሽ የሚመለስበት መንገድ ላይ አይቁሙ።

ርቀትን የሚወስነው አስጎብኚው ነው። እንደ መነሻ ግን ለተረጋጋ ወንድ ዝሆን ከ40 እስከ 50 ሜትር፣ ግልገል ላላት እናት 100 ሜትር ያስቡ። መቀመጫዎ ኩይሳ ወይም የወደቀ ግንድ ይኑረው፤ ከኋላዎ ሆኖ የሰውነትዎን ቅርፅ ይሰብራል። ከጎን ግን መውጫ ይኑር። ፍሬ የወደቀበት ዛፍ ሥር አይቀመጡ፤ ዝሆኑ የሚመጣው እዚያው ነው። በዝሆኑና በውሃው መካከል፣ በእናትና በግልገል መካከልም አይቀመጡ። ዝሆኑ ራሱ ወደ እርስዎ እየበላ ከቀረበ ያ የእሱ ምርጫ ነው፤ አይንቀሳቀሱ፣ አስጎብኚውን ይጠብቁ።

ካሜራውን ማዘጋጀት

ራው ፋይል (ካሜራው ያልጨመቀውና ያላስተካከለው ምስል) ይጠቀሙ። ለሚራመድ ዝሆን ሹተሩ 1/500፣ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦው አውቶ ሆኖ እስከ 6400 ይገደብ። ኤፍ 2.8 ከበስተኋላ ያለውን ዛፍ ያጠፋዋል፤ ያን ሁሉ የለፉት ለዛፉ ነውና አያጥፉት። በ200 ሚ.ሜ.፣ በኤፍ 5.6፣ 30 ሜትር ላይ ጥርት ያለው ጥልቀት ከ27 እስከ 34 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ70 ሚ.ሜ.፣ በኤፍ 8፣ 20 ሜትር ላይ ፎከስ ቢያደርጉ ከ10 ሜትር እስከ አድማስ ድረስ ሁሉም ይጠራል። ሙሉውን ዛፍ ሲይዙ ሁለተኛውን ይምረጡ።

የብርሃኑን መጠን (ኤክስፖዠር) ሲወስን ካሜራው በተደጋጋሚ ይሳሳታል፤ በኤክስፖዠር ማካካሻው ያርሙት። ዝሆኑ ጥላ ውስጥ ሆኖ ኋላው ብሩህ ከሆነ ዝሆኑ ይጠቁራል፤ ከ+0.7 እስከ +1 ይጨምሩ። ዝሆኑ ፀሐይ ላይ፣ ኋላው ጥቁር ደን ከሆነ ጀርባው ነጥቶ ይቃጠላል፤ −0.7 ይቀንሱ። ብርሃኑ ከኋላ ሆኖ አቧራውን ከፈለጉ −1። ብርሃኑ ከተረጋጋ ደግሞ ሁሉንም በእጅ አድርገው በሂስቶግራም (የብርሃኑን ሥርጭት በሚያሳየው ግራፍ) ቢያረጋግጡ ይሻላል፤ ዝሆኑ ከጥላ ወደ ጥላ ሲያልፍ ካሜራው አይወላውልም።

ፎከሱ ትንሽ ነጥብ ይሁን፣ ዓይን ወይም ትከሻ ላይ። ሰፊ የፎከስ ክልል በፊት ለፊት የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ካገኘ እሱን ይይዛል። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ይጠቀሙ፤ ካሜራውን ከዝሆኑ ጋር እያዞሩ ካነሱ ግን ቀጥ ያሉት ግንዶች ሁሉ ዘመም ብለው ይወጣሉ። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በየመስመሩ ስለሚያነብ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ዝሆኑ በፍሬሙ ውስጥ ይለፍ።

ሲንጠራራ

ወንዱ ከመነሳቱ በፊት ይናገራል። ቀና ብሎ ቅርንጫፉን ያያል፣ ኩምቢውን ዘርግቶ ይሞክራል፣ አልደርስ ሲለው የኋላ እግሮቹን አስተካክሎ ክብደቱን ወደኋላ ያዞራል። ያኔ ሹተሩን ወደ 1/1000 ያድርሱ። የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ከላይ ቦታ አለመተው። ዝሆኑ በአራት እግሩ ሳለ ፍሬሙን ሞልቶ የያዘ ሰው፣ ሲነሳ ኩምቢውና ቅርንጫፉ ተቆርጠው ይቀሩበታል። 10 ሜትር ከፍታ ያስቡ፤ በ40 ሜትር ርቀት አግድም ከያዙ ከ96 ሚ.ሜ.፣ አቁመው ከያዙ ከ144 ሚ.ሜ. አይለፉ። ከጎኑ ይሁኑ፤ ከኋላ የሚታየው ግራጫ ግድግዳ ነው፣ ከፊት ደግሞ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ነዎት። እንዲነሳ ድምፅ ማሰማት ወይም መክበብ ፎቶውንም እንስሳውንም ያጠፋል፤ የሚበላበትን ዛፍ ይተወዋል።

ካሜራው የሚወርድበት ጊዜ

ጆሮውን ዘርግቶ፣ ራሱን ከፍ አድርጎ ወደ እርስዎ ካየ አይቶዎታል። ኩምቢውን ወደ እርስዎ አንስቶ አየር ካሸተተ፣ አንድ የፊት እግሩን ካወዛወዘ፣ የማይበላውን ቅጠል እየነካ ካስመሰለ እያሰበ ነው። ራሱን ካወናጨፈ ወይም ጮኾ ጥቂት እርምጃ ከሮጠ ብዙውን ጊዜ ማስፈራሪያ ነው። ጆሮውን አጣጥፎ፣ ኩምቢውን ጠቅልሎ ዝም ብሎ ከመጣ የምር ነው፤ ግን ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ጊዜ ላይኖር ስለሚችል ፍርዱ የአስጎብኚው ነው። አይሩጡ፤ ዝሆንን ሮጦ የሚያመልጥ ሰው የለም፣ መሮጥም እንዲያሳድድዎት ያደርገዋል። «ካሜራ አውርድ» ሲባል ያኔውኑ ይወርዳል።

ከዓይኑና ከጆሮው መካከል ፈሳሽ የሚወርድበት፣ የኋላ እግሩ በሽንት የረጠበ ወንድ የመራቢያ ስሜት ላይ ነው። በሩቁ ይለፉት፤ ምንም ያህል የሚያምር ዛፍ ሥር ቢቆም።

ማታ፣ ከካርዱ ጋር

ከዛፉ ጥላ ሥር ያለው ብርሃን ሰማያዊ ነው። አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም በራሱ የሚያስተካክልበት) ሊያጠፋው ይሞክራል፤ 5600 ኬልቪን (የቀን ብርሃን ቀለም) ላይ አስቀምጠው ጥቂት ሰማያዊ ይተዉለት፣ የማና ፑልስ መልክ እሱ ነው። ጥላውን ከመጠን በላይ አያንሱ፤ የደበዘዘ ግራጫ ይሆናል። ዝቅ ብለው ወደ ላይ ባነሷቸው ፎቶዎች ግንዶቹ ወደ ውስጥ ካጋደሉ በጥቂቱ ያቅኑ፤ ሙሉ በሙሉ ካቀኑት ግን የዝሆኑ ራስ ያብጣል።

ኢንተርኔት ላይ ከመጫንዎ በፊት ካሜራው ወይም ስልኩ በፋይሉ ውስጥ የመዘገበውን የቦታ መረጃ ያጥፉ፤ በተለይ ጥርሱ ትልቅ የሆነ ወንድ ከሆነ። ቦታውንም «ማና ፑልስ» ካሉ ይበቃል፣ የዛፉን ትክክለኛ ስፍራ አይጻፉ።